ከካራማራ ግርጌ እስከ በርበራ ባሕር

ጅግጅጋ የሚኖር ሰው ባሕር ለማየት ስንት ቀን ይጓዛል ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? በከተማችን ይህን ጥያቄ ያቀረብንላቸው ብዙዎች ሳቁብን። ባሕር ሲባል ለእነርሱ ወይ ጅቡቲ ነው፣ ወይ ጅዳ። ነገር ግን በቶጎ ውጫሌና በሐርጌሳ በኩል በርበራ ለመድረስ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አምስት ጓደኛሞች የሁለት ቀን ዕረፍት አግኝተን፣ የይለፍ ወረቀታችንን አስቀድመን አዘጋጅተን፣ በታኅሣሥ ወር ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሣን። ወሩን የመረጥነው አውቀን ነው፤ በርበራ በበጋው ሐሩር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ አቅም ያለው ነዋሪ ራሱ ወደ ደጋው ይሸሻል።

ካራማራን ከኋላችን ትተን ስንወጣ ሜዳው እስከ ውጫሌ ድረስ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ከመንገዱ በስተደቡብ ሐርቲሼክ አለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ የመጣው ወደዚህ ሜዳ ነበር። በሐርቲሼክ የተቋቋመው ጣቢያ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እስከ መባል ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። እኛ ለመዝናናት የምንሄድበትን መንገድ እነርሱ በተቃራኒው በእግራቸው መጥተውበታል።

ድንበሩ ላይ ሚኒባሳችንን ትተን በእግር ተሻገርንና እ.ኤ.አ. በ1991 ራሷን የቻለች አገር መሆኗን ባወጀችው በሶማሌላንድ በኩል መኪና ተኮናተርን። መሪው በስተቀኝ ነው፤ የሚነዳውም መንገዱን በቀኝ ይዞ ነው። ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ በግራ የተቀመጠው ተሳፋሪ አንገቱን አስግጎ "ክፍት ነው" ማለት አለበት! ከኋላችን የጫት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉን ግን ሁላችንም ዱዓ ላይ ነበርን።

ሐርጌሳ ላይ ምሳ በልተን ብዙም አልቆየንም። ከከተማዋ ስንወጣ ናሳ ሃብሎድ የሚባሉት ሁለት መንትያ ኮረብታዎች ይታያሉ፤ የስማቸውን ትርጉም ለቤተሰብ መጽሔት ስለማይመች ትተነዋል። ከዚያ ወዲያ ላስ ጌል አለ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ከጥንት ያውቁት የነበረውን፣ የላሞች ሥዕል የሞላበትን ዋሻ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ለዓለም ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ጊዜ ስላጠረን አለፍነው።

መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይከብዳል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ግራር ይሳሳል። ድንገት ከጥቁሩ ድንጋይ ባሻገር ሰማይ የመሰለ ነገር መሬት ላይ ተኝቶ አየን። ሾፌራችን "ባዳ!" አለ፤ በሶማሊኛ "ባሕሩ" ማለቱ ነው። ማንም አልተናገረም።

የባታላሌ ዳርቻ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ይገኛል። ሱቅ የለም፣ ጩኸት የለም፤ አሸዋውና ውኃው ብቻ ነው። ግመሎች ባሕሩን ዳር ዳር ይዘው ያልፋሉ። ዳርቻው ረጅም በመሆኑ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው የራሱን ጥግ መያዝ አይቸግረውም፤ እህቶችም እንደ አገሩ ልማድ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ነው ውኃ የሚገቡት። ዝሁርና ዐስርን አሳጥረንና አጣምረን እዚያው አሸዋው ላይ ሰገድን። ከመካከላችን ዋና የሚችል ስላልነበረ ውኃው ከወገብ እንዳያልፍ ተስማምተን ገባን። እስከ ሠላሳ ዓመት ዕድሜያችን ባሕር ያላየን ሰዎች እንደ ሕፃን ተረጫጨን።

አንዱ ጓደኛችን ግን ዳር ቀረ። ታናሽ ወንድሙ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ በዚሁ በሐርጌሳ መንገድ "ተሕሪብ" ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። የመጨረሻው ስልክ የተደወለው ከቦሳሶ ነበር። ከዚያ በጀልባ የሚሻገሩት ይህንኑ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 አሸጋጋሪዎች ከ120 የሚበልጡ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ስደተኞችን በየመን ሻብዋ ጠረፍ አጠገብ በግድ ወደ ባሕር ገፍትረዋል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የስደተኞቹን አማካይ ዕድሜ 16 ዓመት ገደማ ብሎ ገምቶት ነበር። የጓደኛችን ወንድም ሲወጣ 17 ዓመቱ ነበር።

መረቡን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከአጠገባችን ነበሩ። ጓደኛችን ተጠግቶ፣ "አደር፣ የመን ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?" ሲል ጠየቃቸው። ኤደን ከበርበራ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሽማግሌው ግን በኪሎ ሜትር አልመለሱለትም፤ ፊቱን ጥቂት አዩና፣ "ማንን ነው የምትፈልገው?" አሉት። አጠገባቸው ተቀመጠ። እስከ መግሪብ ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅነውም።

ማታ ወደብ አካባቢ ሩዝ በዓሣ በላን። ዓሣው ከድስት ሳይሆን ከባሕር በቀጥታ የመጣ ይመስል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወደ መርከብ የሚነዱ ጥቁር ራስ በጎች መንገዱን ዘግተው አቆሙን። ከሐጅ ወቅት በፊት ብዙ ሺህ በጎችና ፍየሎች ከዚህ ወደ ሳዑዲ ይጫናሉ፤ ከነዚያም ውስጥ ከእኛው ከጅግጅጋ ዙሪያ የሚመጡ አሉ። ጓደኛችን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በጎቹን ሲቆጥር ቆየ፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ፤ "ሰላም ነን፣ ማታ እንገባለን" አላቸው።