የተማሪ ካሜራ በኮልፌ

ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ተማሪ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ባለታሪክ አያጣም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ ነው። ዘነበወርቅ ደግሞ በሥጋ ደዌ ታመው ለሕክምና የመጡ ሰዎች በአለርት ሆስፒታል ዙሪያ ኑሮ መሥርተዋል። ጭንቁ የሚመጣው ካሜራው ሲደገን ነው። ደጅ ላይ ሲያወጉ የነበሩት አዛውንት ድንገት አንገታቸውን ቀና፣ ድምፃቸውን ጠበቅ አድርገው ዜና አንባቢ ይሆናሉ።

ለዚህ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የተማሪው ዝግጅት ነው። ኮት አስለብሶ ከመጋረጃ ፊት ሶፋ ላይ ያስቀመጡት ሰው እንደ እንግዳ ይናገራል። ልብስ ሰፊ ከመኪናው አጠገብ ቢቀመጥ እጁም አፉም ይፈታል። የዕለት ሥራውን ለካሜራ ቢደግም ነውር የለበትም፤ ያ ለብቻው ይቀረጻል። ለፊልሙ ድምቀት ሲባል ብቻ ረከቦት አስቀርቦ ቡና ማስፈላት ግን ታሪክ መፍጠር ነው።

ብርሃኑ ቀላል ነው። የቀትር ፀሐይ ዓይንን ስለሚያጠቁር ሰውየውን በር አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ የሹተሩ ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ካልሆነ በአምፖል ብርሃን ሥዕሉ ሊርገበገብ ይችላል።

ፊልሙን የሚገድለው ድምፅ ነው። የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ቃል አይሰማም። ወያላው «ጦር ኃይሎች!» ይላል፤ አዛኑና ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይመጣሉ። ስለዚህ ማይኩ ደረት ላይ ይሰካል፤ አንድ ሰው ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ሌላ ሥራ ሳይነካ ይሰማል። ፍሪጁም ይነቀላል። መልሰው ሳይሰኩት እንዳይሄዱ የመኪና ቁልፋቸውን ፍሪጁ ውስጥ የሚያስቀምጡ የፊልም ሰዎች አሉ፤ ብልሃቱን እወድላቸዋለሁ። ሲጨረስ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉ ጸጥታ ለ30 ሰከንድ ይቀዳል፤ ኤዲቲንግ ላይ የተቆረጠው የሚጋጠመው በዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 «ሀውዚንግ ፕሮብሌምስ» የተባለው የእንግሊዝ ፊልም የለንደንን ድሆች በራሳቸው አንደበት ሲያናግር፣ ድምፅ መቅጃው እንደ ልብ የሚሸከሙት ዕቃ አልነበረም። ዛሬ ስልክ ይበቃል፤ ያልቀለለው ጥያቄው ነው። «እማማ፣ ኮልፌ የመጡት መቼ ነው?» ቢሏቸው ዓመተ ምሕረት ይነግሩዎታል። «የመጡ ዕለት የት አደሩ?» ቢሏቸው ግን ያሳደራቸው ዘመድ፣ የተነጠፈላቸው ሰሌን፣ የሌሊቱ ብርድ ሁሉ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የጠያቂው ሥራ ዝምታ ነው። «እሺ፣ እሺ» ማለት እንኳ ድምፁን ያበላሻል፤ ራስን መነቅነቅ ይበቃል።

ፈቃድ ካሜራ ከመከፈቱ በፊት ይጠየቃል፤ ፊልሙ የት እንደሚታይም ይነገራል። ማንነቱ እንዳይታወቅ ለጠየቀ ሰው ፊቱን ማጨለም ብቻ አይበቃም፤ ጎረቤት በድምፁም፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶም ያውቀዋል። ቆሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ቀን ሐዘንተኛ ጋር የተቀመጠ ተማሪ፣ እንባ ሲመጣ ካሜራውን ማጥፋት እንደሚችሉ አስቀድሞ ይንገራቸው። ማይኩ ያን ጊዜ ባይቀዳ እንኳ «እስቲ ይድገሙልን» አይባልም፤ የጎደለውን ተማሪው በራሱ ትረካ ይሙላው።