ከፊል ተዛምዶና የዕቅድ ውሳኔ

በትምህርት ቤቶች የመጻሕፍት ብዛትና በፈተና ውጤት መካከል ያለው ተዛምዶ፣ ለምሳሌ ያህል፣ 0.60 ነው እንበል። የወላጆች ገቢ ከመጻሕፍቱ ጋር 0.70፣ ከውጤቱም ጋር 0.80 የሚዛመድ ከሆነ፣ የገቢውን ድርሻ ሳይለዩ ለመጻሕፍት ግዥ በጀት መመደብ ሊያሳስት ይችላል።

ከፊል ተዛምዶን ለማግኘት የ0.70ና የ0.80 ብዜት፣ ማለትም 0.56፣ ከ0.60 ይቀነሳል፤ 0.04 ይቀራል። ሁለቱም ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ከ1 ሲቀነሱ 0.51ና 0.36 ይገኛሉ፤ የእነዚህ ብዜት ስኩዌር ሩት 0.43 ያህል ነው። 0.04 ለ0.43 ሲካፈል 0.09 ይሆናል። እንግዲህ የወላጆች ገቢ እኩል በሆነባቸው ትምህርት ቤቶች መካከል ተዛምዶው እጅግ አነስተኛ ነው ማለት ነው።

ሆኖም የትኛው ተለዋዋጭ ተለይቶ መያዝ እንዳለበት ስሌቱ አይነግረንም። በገቢ ፈንታ መጻሕፍቱ ራሳቸው ያስገኙትን የንባብ ችሎታ ብንይዝ፣ የመጻሕፍቱን እውነተኛ ጥቅም እንሰርዛለን። ይህን አስቀድሞ መለየት የመምህሩና የዕቅድ አውጪው ኃላፊነት ነው።