የብሪታንያ ጦር እገዳውን ያነሣው እንዴት ነው?

እስከ 2000 መግቢያ ድረስ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብሪታንያ ጦር ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑ የታወቀበት ወታደር ይሰናበት ነበር። ግዳጁን ማጓደል አለማጓደሉን የሚጠይቅ አልነበረም። በእንግሊዝና በዌልስ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው ሕግ ለሲቪሉ ሰው የላላው በ1967 ቢሆንም ጦሩ በራሱ ደንብ ቀጠለ።

ደንቡ እንዴት ይሠራ እንደነበር የአየር ኃይል ነርስ የነበረችው የጃኔት ስሚዝ ጉዳይ ያሳያል። በ1994 ማንነቷ ያልታወቀ ሴት ለአየር ኃይሉ ፖሊስ ደውላ ጠቆመችባት። ስሚዝ ስትጠየቅ አልካደችም። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር፤ መርማሪዎቹ ግን አላበቁም። ስለ ፍቅር ጓደኛዋ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ በቤታቸው ስለሚያሳድጓት ልጅ ሳይቀር ለጆሮ የሚከብድ ጥያቄ አዥጎደጎዱባት። አለቆቿ ለማዕረግ ዕድገት አጭተዋት የነበረችው ነርስ በዚያው ዓመት ተሰናበተች።

ስሚዝና ሌሎች ሦስት የተባረሩ ባልደረቦች በአገራቸው ፍርድ ቤት ተረቱና ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። መንግሥት እዚያ ያቀረበው መከራከሪያ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። እነዚህ ወታደሮች ፈሪ ናቸው ወይም አቅም ያንሳቸዋል አላለም። ያለው፣ ሌሎቹ ወታደሮች ስለሚጠሏቸው የጦሩ አንድነት ይናጋል ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሌላው ስለጠላው የሚባረረው የተጠላው ነው። ዳኞቹ መስከረም 27 ቀን 1999 በሰጡት ውሳኔ ይህን አልተቀበሉም፤ በዘር ወይም በቀለም ላይ ያለ ጥላቻ ለማባረር ምክንያት እንደማይሆን ሁሉ ይኸኛውም አይሆንም አሉ። ወታደሮቹ ካመኑ በኋላ የቀጠለውን ምርመራም የግል ሕይወትን መድፈር ነው ብለው ነቀፉት።

እገዳው ጥር 12 ቀን 2000 ተነሣ። በቦታው የመጣው ለአንድ ወገን የተጻፈ ሕግ ሳይሆን ለሁሉም የሚሠራ የሥነ ምግባር ደንብ ነው። አዛዡ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ድርጊቱ የክፍሉን የግዳጅ ብቃት ጎድቷል ወይስ ሊጎዳ ይችላል? የበታቹን የሚያስገድድ አለቃም ሆነ ከጓዱ ሚስት ጋር የሚማግጥ ወታደር የሚዳኘው በዚሁ ነው። ወታደሩ በገፍ ጥሎ ይሄዳል የተባለው ስጋት አልደረሰም።

የተባረሩት ግን ብዙ ጠብቀዋል። በባሕር ኃይል 18 ዓመት ገደማ ያገለገለውና በፎክላንድ ጦርነት የተሳተፈው ጆ ኡሳሊስ በ1993 ሲሰናበት የመልካም ጠባይ ሜዳዩን ተነጥቋል፤ የተመለሰለት በ2019 መንግሥትን ከከሰሰ በኋላ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ይቅርታ የጠየቁት በ2023 ነው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ 75 ሚሊዮን ፓውንድ ለካሳ ተመደበ፤ በእገዳው ምክንያት ለተባረረ ሰው 50 ሺህ ፓውንድ፣ ምርመራና እንግልት ለደረሰበት ደግሞ እስከ 20 ሺህ ይጨመራል። ዕድሜ ልክ ለሚታሰብ ደመወዝና ጡረታ ይህ ትንሽ ነው። ማመልከቻ የሚቀርበው ለሁለት ዓመት፣ እስከ ታኅሣሥ 2026 ነው።