የአምስት ደቂቃው የገጽታ ፎቶግራፍ

በዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫሎች ላይ የሚሠራ የገጽታ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ማለትም የአንድን ሰው ፊትና ሁኔታ ለይቶ የሚያነሳ ባለሙያ፣ በቀይ ምንጣፍ ዳር ከሚሰለፉት የዜና ፎቶግራፍ አንሺዎች ጋር ተመሳሳይ የመግቢያ ባጅ ቢያንጠለጥልም፣ ሥራው በዓላማም በአሠራርም ከእነርሱ ይለያል። በፈረንሳይዋ የካን ከተማ በሚካሄደው ፌስቲቫል ተዋንያንና ዳይሬክተሮች የአዳራሹን 24 ደረጃዎች በምሽት ሲወጡ፣ እንደ እንግዶቹ የክብር ልብስ የለበሱ ፎቶግራፍ አንሺዎች በረድፍ ቆመው ስማቸውን እየጠሩ ያነሷቸዋል፤ ቀን ላይ ደግሞ «ፎቶኮል» በሚባለው መርሐ ግብር የፊልሙ ቡድን በአንድ ስፍራ ተሰልፎ ለካሜራዎቹ ሁሉ በተራ ፊቱን ያዞራል። ከሁለቱም የሚገኘው ምስል ሰውየው በዚያ ቀንና በዚያ ቦታ መገኘቱን ስለሚመሰክር ለዕለቱ ዜና ይጠቅማል፤ ፈገግታው ለሁሉም እኩል የታደለ በመሆኑ ግን ስለ ባለቤቱ የሚናገረው ጥቂት ነው።

የገጽታ ፎቶግራፍ አንሺው የሚፈልገው አንድ ሰው ለአንድ ካሜራ ብቻ የሚሰጠውን ፊት ሲሆን፣ ይህን የሚያገኝበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። የፊልም አከፋፋዮች ተዋንያኑን ወደ ፌስቲቫሉ የሚያመጧቸው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ለበርካታ ጋዜጠኞች ቃለ መጠይቅ እንዲሰጡ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሆቴል ውስጥ ክፍሎች ይከራዩና እንግዳውን ከክፍል ወደ ክፍል ያዘዋውሩታል። የእያንዳንዱን ቆይታ የሚወስነውና ሰዓት እያየ የሚያስቆመው፣ «ፐብሊሲስት» የሚባለው የተዋናዩ ወይም የፊልሙ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው። ለፎቶግራፍ አምስት ደቂቃ ማግኘት እንደ ትልቅ ዕድል የሚቆጠር ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት ያለው ቃለ መጠይቅ በተራዘመ ቁጥር ጊዜው የሚቆረጠው ከዚሁ ከአምስቱ ደቂቃ ነው።

ስለዚህ የሥራው ትልቁ ክፍል የሚያልቀው እንግዳው ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ነው። ባለሙያው ማልዶ ገብቶ አልጋውን ወደ ግድግዳው ይገፋል፤ የራስጌው መብራት ቢጫ ብርሃንና በመስኮት የሚገባው ወደ ሰማያዊ ያደላ ብርሃን በአንድ ፊት ላይ ሁለት ቀለም ስለሚፈጥሩም፣ ወይ መብራቱን ያጠፋል ወይ መጋረጃውን ይዘጋል። ከዚያም ግራጫ ወረቀት ከኋላ ይዘረጋል፤ «ሶፍትቦክስ» የሚባለውን፣ የፍላሽን ብርሃን በነጭ ጨርቅ አሳልፎ የሚያለሰልሰውን ሣጥን፣ ከፊት ከፍታ ትንሽ አስበልጦ በጎን በኩል ያቆማል፤ እንግዳው የሚቆምበትንም ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያደርግበትና ረዳቱን እዚያው አቁሞ ብርሃኑን ይለካል። ለዚህ ሥራ ብዙዎች 85 ሚሊሜትር ሌንስ የሚመርጡት፣ ፊትንና ትከሻን በምስሉ ውስጥ ለማስገባት አንሺው ጥቂት ራቅ ብሎ እንዲቆም ስለሚያደርገው ነው፤ ሰፊ ሌንስ ይዞ እጅግ ቀርቦ ቢያነሳ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮም ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ ሁሉ ዝግጅት እንግዳው በገባ ጊዜ የአንሺው ዓይን ከመሣሪያው ተላቆ በሰውየው ላይ እንዲያርፍ የሚደረግ ነው።

በአንድ ቀን ውስጥ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሰዎች በዚያ ምልክት ላይ ስለሚፈራረቁ፣ የቆዳን ቀለም ያገናዘበ ብርሃን ማዘጋጀት የሙያው ፈታኝ ክፍል ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ በመሆኑ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ካላረመው ጥቁር ፊትን ከልኩ በላይ ያፈካል፣ ነጭ ፊትን ደግሞ ያጠቁራል። ችግሩ ከታሪክም የመጣ ነው፤ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለብዙ አሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የያዘ ስለነበረ፣ ቀለሙ የሚመዘነው በእርሷ ቆዳ ነበር። ጥቁር ቆዳ የብርሃንን ነጸብራቅ አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ ጥንቁቅ ባለሙያ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ከጎን ያመጣለታል፤ ጥቁርና ነጭ ተዋንያን አብረው ሲቆሙም አንደኛው በሌላው መለኪያ እንዳይጎዳ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰውን ብርሃን ለየብቻ ያስተካክላል። ይህን አለማድረግ ሰውን አለማክበር ነውና፣ በጊዜ ማጠር ሊመካኝ አይገባም።

በበርሊን ፌስቲቫል ጌርሃርድ ካስነር የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው ሥራ፣ አጭር ጊዜ ምን ሊያፈራ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። ካስነር ወደ ውድድሩ የመጡትን እንግዶች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያነሳቸው ነበር፤ ምስሎቹ በትልቁ ታትመው፣ ባለቤቶቹ ከፈረሙባቸው በኋላ በፌስቲቫሉ ዋና አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ ነበር። ፊርማው ተነሺው ምስሉን አይቶ የተቀበለው መሆኑን ስለሚያረጋግጥ፣ በበርሊን የተለመደው ይህ አሠራር ሌሎች ፌስቲቫሎችም ሊከተሉት የሚገባ ነው።

ከዚህም ርቆ የሄደ ሙከራ የተደረገው በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ በፓርክ ሲቲ ከተማ፣ በጥር ወር ብርድ ይካሄድ በነበረው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ፎቶግራፍ አንሺዋ ቪክቶሪያ ዊል ተዋንያኑን «ቲንታይፕ» በሚባለው የ19ኛው መቶ ዘመን ዘዴ አነሳች። በዚህ ዘዴ ጥቁር የተቀባ የብረት ሰሌዳ «ኮሎዲዮን» በተባለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይሸፈንና በብር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም ሳይደርቅ ወደ ካሜራው ገብቶ ፎቶው ይነሳበታል፣ ወዲያውም በኬሚካል ይታጠባል። ሰሌዳው ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ስለሆነ እጅግ ኃይለኛ ፍላሽ ይፈልጋል፤ ቀይን እንደ ጥቁር ስለሚያይም በዓይን የማይታወቅ የፊት ነጠብጣብና መጨማደድ ሁሉ ይወጣል። ነጌቲቭ የሌለው በመሆኑ የሚገኘው አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ምስሉም እንደ መስተዋት ግራና ቀኙ የተገለበጠ ነው። በደቂቃ ውስጥ መቶ ጊዜ መነሳት የለመደ ተዋናይ በዚህ ካሜራ ፊት ሲቆም፣ ዕድሉ አንድ መሆኑን ስለሚያውቅ ዝም ብሎ ይጸናል።

በዚያ ዓመት በዊል ካሜራ ፊት ከቀረቡት አንዱ፣ ትሩማን ካፖቴን ሆኖ በመተወን ኦስካር የተሸለመው ፊሊፕ ሲሞር ሆፍማን ነበር። ሆፍማን ወደ ሰንዳንስ የመጣው ሁለት ፊልሞቹ ስለሚታዩ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ 2 በኒው ዮርክ ሞተ። ለጥቂት የፌስቲቫል ቀናት የታሰበው የብረት ሰሌዳ፣ ሞቱ እንደተሰማ ብዙ ሰዎች የተመለከቱት ምስል ሆነ።

ለእነዚህ ሥራዎች ገንዘብ የሚከፍሉት መጽሔቶች፣ ጋዜጦች፣ የፎቶ ወኪል ድርጅቶችና ስማቸው እንዲታይላቸው ስቱዲዮ የሚደግፉ ኩባንያዎች ናቸው፤ በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ጉዞውንና ማደሪያውን ራሱ ችሎ፣ ወጪውን ፎቶውን በመሸጥ ለመመለስ ይጥራል። ገበያው የሚፈልገው የታወቁ ፊቶችን በመሆኑ፣ የመጀመሪያ ፊልሙን ይዞ የመጣ ዳይሬክተር በቀጠሮው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘለላል። ከሁሉ በላይ ይህ ፎቶግራፍ የሚያስፈልገው ግን እርሱ ነው፤ ዝነኛው ተዋናይ በሺህ የሚቆጠር ምስል ሲኖረው፣ ጀማሪው በፌስቲቫሉ መጽሔት፣ በየጋዜጣውና በኋላም በታሪክ መዛግብት የሚታወቀው በዚያ ሰሞን በተነሳ አንድ ፊት ሊሆን ይችላልና።

ይህ ለኢትዮጵያ ሲኒማ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን አግኝቷል፤ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ዊል ሰሌዳዎቹን ባነሳችበት በ2014ቱ ሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል፤ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። እንዲህ ያሉ እንግዶችን የሚያነሳ ባለሙያ ካሜራውን ካስቀመጠ በኋላ አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ የፎቶ ቋቶች ሰውን የሚመዘግቡት በቤተሰብ ስም ሲሆን የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም ግን የአባቱ ስም ስለሆነ፣ ከምስሉ ጋር የሚሄደውን መግለጫ በግምት ከመጻፍ ይልቅ ሙሉ ስሙንና የላቲን አጻጻፉን ራሱ ባለቤቱ በወረቀት ላይ እንዲጽፍለት ይጠይቃል፤ የተሳሳተ ፊደል የገባበትን ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ ከቋቱ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።