የካናቢኖይድ ተቀባይ ዘረ መልና ከልክ ያለፈ ውፍረት

ካናቢስ ሲባል ብዙዎች የሚያስታውሱት አደንዛዥ ዕፁን ነው። ይሁንና የሰው አካል በዕፁ ውስጥ ካሉት ጋር በተግባር የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን ራሱ ያመነጫል። እነዚህም በአንጎል፣ በጉበትና በስብ ህዋሳት ላይ ከሚገኘው «ሲቢ አንድ» ከተሰኘው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲጣመሩ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ የስብ ክምችትም ይበረታታል።

የተቀባዩ ዘረ መል በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። በሰዎች መካከል የሚታየውን የዘረ መሉን ልዩነት አንዳንድ ጥናቶች ከክብደትና ከወገብ ስፋት ጋር ሲያያይዙት፣ ሌሎች ግን ግንኙነት አላገኙም። አብዛኞቹ ጥናቶች የተካሄዱት ከአፍሪካ ውጭ በመሆኑ ውጤታቸውን እንዳለ ለኢትዮጵያውያን መውሰድ አያስኬድም።

ተቀባዩን በመድኃኒት ለመግታት የተደረገው ሙከራም አልሰመረም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደው ሪሞናባንት ክብደት ቢቀንስም፣ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በማስከተሉ በ2008 ታግዷል። ተቀባዩ በስሜት ላይም ድርሻ አለውና።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ደርሰዋል። ድርሻው በከተሞች ከገጠሩ በእጅጉ ይበልጣል። የሕዝብ ዘረ መል በ16 ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው አመጋገቡና የአካል እንቅስቃሴው ነው። ቀኑን በወንበር ላይ ለሚያሳልፍ የቢሮ ሠራተኛ «ዘራችን ነው» የሚለው ምክንያት አያዋጣም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው ከተሽከርካሪ ነፃ ቀንም ያነጣጠረው በዚሁ እንቅስቃሴ ላይ ነበር።