ሲቲዝን የሚሞላላችሁ ሰው ማነው?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ግሪን ካርድ ካገኘን አራት ዓመት ሲያልፈን ከሰላምታ ቀጥሎ የምትመጣ ጥያቄ አለች። «ሲቲዝን ሞላህ?» ትባላለች። ቃሏን ልብ በሉልኝ። ዲቪ ይሞላል፣ ኬዝ ይሞላል፣ ሲቲዝንም ይሞላል። ሁሉም ነገር ፎርም ነው፤ ፎርም ደግሞ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ከተገኘ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም። አገር ቤት ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ራፖር ጸሐፊ አለ። ችግርህን ትነግረዋለህ፣ አሳምሮ ይጽፍልሃል፣ ከፍለህ ትሄዳለህ። ያንን ሰው እዚህም ይዘነው መጥተናል። ስሙ ብቻ ተቀይሮ ታክስ የሚሠራ፣ ትኬት የሚቆርጥ፣ ዶክመንት የሚተረጉም፣ አንዳንዴም ቲክቶክ ላይ ላይቭ የሚገባ ሆኗል። ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ብዙዎቹ ቅን ናቸው፣ ዋጋቸውም ከጠበቃ ይረክሳል። ችግሩ ሌላ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ጠበቃ ያልሆነ ሰው የነገራችሁትን መጻፍ እንጂ «ይሄን መልስ፣ ያንን ተወው» ብሎ መምከር አይፈቀድለትም። እኛ ደግሞ ወደሱ የምንሄደው በአብዛኛው ለዚያችው ምክር ነው።

እውነቱን ለመናገር ፎርሙ ራሱ፣ ማለትም ኤን-400፣ ያን ያህል አያስፈራም። ስልካችሁ ላይ አካውንት ከፍታችሁ ኦንላይን ልትሞሉት ትችላላችሁ። ክፍያው ኦንላይን 710 ዶላር፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ካገኛችሁ 5 ዓመት፣ ላለፉት 3 ዓመታት ዜጋ ከሆነ ባል ወይም ሚስት ጋር አብራችሁ ከኖራችሁ 3 ዓመት ይበቃል፤ ከዚያም ላይ 90 ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ግብሩን በወቅቱ የከፈለ፣ ፖሊስ እጅ ገብቶ የማያውቅ፣ ለዕረፍት አንድ ወር አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ጠበቃ ሳይዝ ቢያስገባ አልቃወምም። ገንዘቡን ይቆጥብ።

ነገሩ የሚከብደው ፎርሙ የሚከፍተው ፋይል ላይ ነው። የዜግነት ማመልከቻ ስታስገቡ መርማሪው የሚያየው አሁን የጻፋችሁትን ብቻ አይደለም። ዲቪ ስትሞሉ ያላችሁትን፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ ውስጥ የመለሳችሁትን፣ ጥገኝነት ስትጠይቁ የተናገራችሁትን ሁሉ አውጥቶ ያስተያያል። ሕጉ ዜግነት የሚሰጠው ግሪን ካርዱን በሕጋዊ መንገድ ላገኘ ሰው ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ውድቅ መሆኑ ብቻ አይደለም ስጋቱ፤ ቀድሞ የተገኘው ግሪን ካርድም ጥያቄ ውስጥ ገብቶ ሰውዬው የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ሊቆም ይችላል።

ዋሽንግተን ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ወዳጄ አለ። ዲቪ ሲደርሰው አገር ቤት ያላገባት ሴት የወለደችለት ልጅ ነበረችው። የሞላለት ሰው «ካልተጋባችሁ አትጻፋት፣ ነገር ታበዛለች» አለውና ሳትጻፍ ቀረች። ዲቪ ግን 21 ዓመት ያልሞላውን ያላገባ ልጅ ሁሉ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ቢሆን፣ ማስመዝገብ ግድ ነው። አሁን ዜግነት ሊያመለክት ሲነሳ ኤን-400 ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችህን በሙሉ ዘርዝር ይላል። ሌላ የሚሞላ ሰው ጋ ሄደ፤ «እንደ ድሮው ዝም በል» አለው። ዝም ቢል በመሐላ ሥር ሁለተኛ ውሸት ነው፤ ቢናገር የመጀመሪያው ይወጣል። ይሄ የፎርም ጥያቄ ነው እንዴ? በመጨረሻ ጠበቃ ጋ ሲሄድ ጠበቃዋ አንድ ገጽ አልሞላችም። መጀመሪያ መንግሥት እጅ ያለው የራሱ ፋይል በመረጃ ነጻነት ሕጉ እንዲወጣ ጠየቀች፣ እሱን ሳናይ ምንም አናስገባም አለችው። እስካሁን አላስገባም። ልጅቷን ማምጣት የሚያስብ አባት መጠበቅ እንደሚያንገበግበው አውቃለሁ፤ ቢሆንም አሁን የሚያውቀውን አውቆ ነው የሚጠብቀው።

የኛን ሰው በተደጋጋሚ የሚገጥሙት ጉዳዮች ብዙም አይለያዩም። ለዲቪ ተብሎ የተፈጸመ ጋብቻ ዋናው ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። በጥገኝነት ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው በኢትዮጵያ ፓስፖርት አገር ቤት ተመላልሶ ከሆነ «የሸሸህበት አገር እንዴት ሄድክ?» መባሉ አይቀርም። እናቱን ሊያስታምም ሄዶ ከ6 ወር በላይ የቆየ ሰው ኑሮውን እዚህ እንዳላቋረጠ በሥራ፣ በቤት ኪራይ፣ በግብር ማስረጃ ማሳየት አለበት። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ነዋሪነቱ ስለሚቋረጥ እንደገና ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሳያነብ ምልክት አድርጎ መራጭ ሆኖ የተመዘገበም አለ፤ ፎርሙ ይህን በቀጥታ ይጠይቃል። ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘና ክሱ የተዘጋለት ደግሞ «ፋይሉ ስለተዘጋ አልጽፍም» ይላል። ጥያቄው ተፈረደብህ ወይ ብቻ ሳይሆን ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ነው። ወንዶች ደግሞ ከ18 እስከ 26 ዓመት ባለው ዕድሜ በነዋሪነት እዚህ ከኖራችሁ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ መመዝገባችሁን አረጋግጡ።

ከነዚህ አንዱ እንኳ የሚነካችሁ ከሆነ፣ ከማስገባታችሁ በፊት ለአንድ ሰዓትም ቢሆን የሕግ ሰው አማክሩ። መንግሥት በዚህ ጉዳይ ነጻ ጠበቃ አይመድብላችሁም። የግድ ውድ ጠበቃ መያዝ አለባችሁ ማለት ግን አይደለም። የፍትሕ ሚኒስቴሩ እውቅና የሰጣቸው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች አሉ፤ በውስጣቸው ጠበቃ ባይሆኑም በሕግ ሊወክሏችሁ የተፈቀደላቸው ሰዎች ይሠራሉ። ዝርዝራቸው በየስቴቱ ተለይቶ ሚኒስቴሩ ገጽ ላይ አለ። የግል ጠበቃ ከሆነ ደግሞ ስሙን ፈቃድ በሰጠው ስቴት የጠበቆች መዝገብ ላይ ፈልጉት፤ ስልክ ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ ጆርጂያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ቨርጂኒያ የሚኖርን ሰው መወከል ይችላል። ስለዚህ አማርኛ የሚችል ሰው ከፈለጋችሁ ሰፈራችሁ ላይ ብቻ አትወሰኑ።

አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። ኤን-400 መጨረሻ ላይ ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ስሙን ጽፎ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ገንዘባችሁን ተቀብሎ «እዚያ ላይ እኔን አትጻፉኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ጠበቃ ከሆነ ደግሞ ወካይ መሆኑን የሚገልጽ ጂ-28 የሚባል ቅጽ ፈርሞ ያያይዛል፣ ኢንተርቪው ላይም አብሯችሁ መቀመጥ ይችላል። ባዶ ፎርም ላይ አስቀድማችሁ አትፈርሙ። ዋጋውንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ገንዘብ ካጠረ የቤተሰብ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በ380 ዶላር ማመልከት ይችላል፤ ለዚህ ግን በወረቀት ማስገባት አለበት። ጨርሶ የማይችል ነጻ እንዲደረግለት መጠየቂያ ቅጽ አለው። ይህን ሳይነግር ሙሉውን የሚያስከፍል ስንት ሞይ አለ መሰላችሁ!

ፈተናውም ተቀይሯል። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ያመለከተ ሰው የሚያጠናው የድሮውን 100 ጥያቄ ሳይሆን 128 ጥያቄ ነው። 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው የአማርኛ ፒዲኤፍ የቱ እንደሆነ ሳታዩ አትሸምድዱ።

ልጅ ያላችሁ ግን ጉዳዩን አታሳድሩት። ግሪን ካርድ ኖሮት ከእናንተ ጋር የሚኖር ልጅ 18 ሳይሞላው እናት ወይም አባት መሐላ ከፈጸሙ እሱም ያኔውኑ ዜጋ ይሆናል። ከሞላው ራሱ ማመልከት፣ ራሱ መክፈልና ራሱ መፈተን ግድ ይለዋል። የ17 ዓመት ልጅ ያለው ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው።

አንድ ነገር የአሜሪካው ጠበቃ ላይነግራችሁ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት ወድዶ የያዘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ ካወጣችሁ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራላችሁ፤ መምረጥና መመረጥ ግን የለም። አገር ቤት በስማችሁ ያለ ንብረት ወይም ያላለቀ ውርስ ካለ ከመሐላው በፊት እዚያ ያለ ጠበቃም ጠይቁ።

የሕግ ሰው ጋ ስትሄዱ ዲቪም ሆነ ጥገኝነት ስትሞሉ ያስቀራችሁትን ኮፒ፣ የግብር ወረቀታችሁንና የፍርድ ቤት ወረቀት ካለ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ጊዜው ያለፈበትን ፓስፖርትም እንዳትጥሉት፤ የወጣችሁበትና የገባችሁበት ማህተም ያለው እሱ ላይ ነው።