የወጣቶች የኳስ ውድድርና የልደት መዝገብ

የጎጃም አገር ሰው ለጨዋታ እንግዳ አይደለም። ገና በደረሰ ጊዜ መንደር ከመንደር ተጋጥሞ ሩሩን በዱላ ሲመታ የኖረ ሕዝብ ነው፤ በዚያም ጨዋታ ጕልበትህን አሳይ ይባላል እንጂ ዕድሜህ ስንት ነው ተብሎ የሚጠየቅ የለም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ሰው ደግሞ፥ እህሉ ከተወቃ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ሁለት እንጨት ተተክሎ፥ በመካከሉ ገመድ ተወጥሮ፥ ወጣቶች መረብ ኳስ ሲጫወቱ ያይ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን መዝጋቱ የታወቀ ሐዘን ነው። ጨዋታው ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለ ሆነ፥ ሰላም ባለበት ስፍራ ሁሉ ቶሎ ይበቅላል።

ይህ የመረብ ኳስ እንደ ገና ጨዋታ በመንደር የሚቀር አይደለም፤ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከክልል ወደ ብሔራዊ ቡድን፥ ከዚያም ወደ መንግሥታት ውድድር የሚያደርስ መንገድ አለው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ወጣት ግን ኳስ ከመምታቱ አስቀድሞ የሚጠየቀው የተወለደበትን ቀን ነው። ዛሬ ለመሥሪያ ቤት ሹማምንትና ለካህናት አባቶች ልናቀርበው ያሰብነው ነገርም ይኸው ነው።

ጨዋታውን በ1895 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ፥ ሆልዮክ በተባለች ከተማ ያስገኘው ዊሊያም ሞርጋን የተባለ የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር ነው። ሜዳው 18 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ወርድ አለው፤ በእያንዳንዱ ወገን 6 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ለወንዶች የሚወጠረው መረብ ከፍታው 2 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነው። የዓለም መረብ ኳስ ፌዴሬሽን በ1947 በፓሪስ ተመሠረተ። ወጣቶች ለብቻቸው የሚወዳደሩበት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1977 በብራዚል ተደረገ፤ ከእነዚያ በዕድሜ ለሚያንሱት ደግሞ በ1989 ሌላ ተጨመረላቸው። በ2019 ከ19 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች በቱኒዝያ፥ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች ልጆች በግብፅ ተወዳድረዋል። እንግዲህ ነገሩ ከአፍሪካ የራቀ አይደለም።

የእነዚህ ውድድሮች መሠረቱ አንድ ቀን ነው፤ ይኸውም ጃንዋሪ 1 ቀን ነው። በ2025 በኡዝቤኪስታን፥ በታሽኬንት ከተማ በተደረገው ከ19 ዓመት በታች ባለው የወንዶች ውድድር ለመግባት የሚችለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2007 ወዲህ የተወለደ ብቻ ነበር። ያ ቀን በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። እንደ ምሳሌ፥ ሁለት የቡሬ ልጆች አሉ እንበል፤ አንደኛው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ገብርኤል፥ ሁለተኛው በገና ዕለት ተወለዱ። በመካከላቸው ያለው 10 ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን የገብርኤሉ ልጅ ዲሴምበር 28 ቀን 2006 የተወለደ ስለሚሆን አይገባም፤ የገናው ልጅ ጃንዋሪ 7 ቀን 2007 ስለሚሆን ይገባል። አብረው ያደጉ፥ በአንድ ሜዳ የተማሩ ልጆች በ10 ቀን ይለያያሉ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግን የጸሐፊ ስሕተት ነው። በብዙ ቦታ ዓመተ ምሕረቱን ወደ አውሮፓ ዘመን ሲመልሱ ወሩን ሳያዩ 8 ዓመት ጨምረው ይጽፋሉ። በኅዳር ሚካኤል 1999 የተወለደውን ልጅ 8 ጨምሮ 2007 ብሎ የጻፈ ጸሐፊ፥ በእውነት በ2006 የተወለደውን ልጅ ሳያውቅ አሳንሶታል፤ ነገሩ በውጭ አገር ቢገለጥ ቡድኑ ሁሉ ሐሰተኛ ይባላል። በሚያዝያ ጊዮርጊስ 1999 የተወለደውን ደግሞ 7 ብቻ ጨምሮ 2006 ብሎ ቢጽፍበት፥ ልጁ ያለ ኃጢአቱ ከመብቱ ወጣ ማለት ነው። ደንቡ ከባድ አይደለም፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7፥ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ለተወለደ 8 ይጨመራል። በዘመነ ዮሐንስ ግን ገና በ28 እንደሚውል ሁሉ፥ ይህም ድንበር አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ይሆናል። ይህን ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዲያቆን ሁሉ ያውቀዋል፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ግን ሁልጊዜ አያስበውም።

ባላገሩ የልጁን ልደት አያውቅም ማለታችን አይደለም። የጃቢ ጠህናን ወይም የወምበርማ እናት ልጅዋን የወለደችው በየትኛው በዓል ዋዜማ እንደ ሆነ ብትጠየቅ ሳትጠራጠር ትናገራለች። ቀኑ በታቦት ስም ተይዞ ይኖራል፤ የሚጠፋው ዓመቱ ነው። ሕዝብ በተቈጠረበት ዓመት ያለች እንደ ሆነ 1999 መሆኑ ይገኛል፤ አዝመራው ባማረበት ዓመት ብትል ግን ማን ያውቃል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ዓመቱን ያገኘው ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ፥ መምህሩ ቁመቱን አይቶ በገመተለት መጠን ነው፤ እስከ ዛሬም በዚያው ግምት ይኖራል።

በመንግሥት በኩል ስለ ልደት መዝገብ የታሰበው ዛሬ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያ ክፍል በሥራ ላይ ሳይውል ብዙ ዘመን ቈየ። ከዚያ በኋላ ዐዋጅ ቍጥር 760/2004 ወጣ፤ ምዝገባውም በመላው አገር በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተዠመረ። በዚህ ዐዋጅ መሠረት ልጅ የተወለደለት ሰው በ90 ቀን ውስጥ ለቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ማስመዝገብ አለበት።

ከዚህ ላይ ካህናት አባቶች አንድ ነገር ይመልከቱልን። በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ሁለቱም ቀን ሕጉ ከወሰነው 90 ቀን በፊት ነው። ወላጆች ሕፃኑን ታቅፈው፥ የክርስትና አባትና እናት አስከትለው ወደ ደብሩ በመጡበት ቀን፥ ቄሱ የክርስትናውን ስም ከሰጡ በኋላ፥ እንግዲህ ወደ ቀበሌ ሂዳችሁ አስጽፉ ቢሉ፥ ለወንዱ 50፥ ለሴቲቱ 10 ቀን ይተርፋል። ለሴት ልጅ ጊዜው ምን ያህል የጠበበ እንደ ሆነ ያስተውሏል። ከተጠመቀችበት ቀን ጋራ የተወለደችበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት በደብሩ መዝገብ የጻፈ ካህንም ትልቅ ምስክር አቆመ፤ የክርስትና ስም ብቻውን ዓመት አይናገርምና።

ነገሩ ለሴት ልጅ ከኳስም ያልፋል። ጋብቻ ከ18 ዓመት በፊት እንዳይሆን ሕግ ይከለክላል፤ ነገር ግን ዳኛው ፊት የቀረበችው ልጅ 14 ወይም 18 መሆንዋን የሚያስረዳ ጽሑፍ ከሌለ፥ አባት ደርሳለች ብሎ ይምላል፥ ሽማግሌዎችም ይመሰክራሉ። ለውድድር ስትሄድ የሚጠየቀው ወረቀትና ከዕድሜዋ በፊት እንዳትዳር የሚጠብቃት ወረቀት አንድ ነው።

ዕድሜን ዐውቆ መቀነስን በተመለከተ ብዙ መናገር አያሻም። ልጁ ጥሩ ይጫወታልና ሁለት ዓመት እንቀንስለት የሚሉ አሠልጣኞችና ይህን ሰምተው የሚያትሙ ሹማምንት በብዙ አገር አሉ፤ በእኛም አገር የሉም ብለን አንምልም። ለአገር ያደረጉት ይመስላቸዋል። የ20 ዓመት ጕልማሳ ከ17 ዓመት ልጆች ጋራ ቢቆም ያሸንፋል፤ ነገር ግን በእውነት 17 ዓመት የሆነው የማንኩሳ ወይም የደንበጫ ልጅ ስፍራውን ያጣል፤ ማን እንደ ወሰደበትም ሳያውቅ ወደ እርሻው ይመለሳል። በእግር ኳስ በኩል ፊፋ በ2009 በናይጄርያ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች ባለው ውድድር የእጅ አንጓን አጥንት በመሣሪያ ማስመርመር ዠምሯል፤ የአንጓው አጥንት ማደጉን ፈጽሞ የተገጣጠመ እንደ ሆነ ልጁ ከዕድሜው እንዳለፈ ይገመታል። በመሣሪያ የሚገለጥ ሐሰት በቀበሌ ማኅተም አይሸፈንም።

ምዝገባው በተዠመረ ጊዜ፥ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ተወልዶ በወቅቱ የተጻፈ የፍኖተ ሰላም ሕፃን፥ ከ19 ዓመት በታች ባለው ውድድር እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2027 ዓ.ም. ድረስ መሰለፍ ይችላል፤ ወረቀቱም አብሮት ይሄዳል። ከእርሱ በፊት ለተወለዱት፥ ዛሬ በሜዳው ላይ ላሉት፥ ያላቸው ምስክር የእናት ቃልና የንስሓ አባት ትዝታ ነው። እናቶቹ ገና በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹ ካህናትም እንዲሁ። የቀበሌ ሹማምንት ወደ እነርሱ ሄደው በዓሉን ከእናት፥ ዓመቱን ከካህኑ ጠይቀው ቢጽፉ፥ በአንድ ደብር ዙሪያ ያለው ሥራ ከጥቂት ሳምንት አያልፍም።